ገንዘቡ ምን ገዛ? ናኖ ቴክኖሎጂን ለካንሰር ሕክምና ለማዋል የተቋቋሙት ማዕከላት የ15 ዓመት ጉዞ

እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በመስከረም 2004 የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ለአምስት ዓመታት የሚዘልቅ የ144.3 ሚሊዮን ዶላር መርኃ ግብር ይፋ አደረገ። ዓላማው በዓይን በማይታዩ እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች አማካይነት ካንሰርን ሳይስፋፋ መለየትና ዕጢውን ለይቶ የሚመታ መድኃኒት መሥራት ነበር።

ገንዘቡ እንደተለመደው ለእያንዳንዱ ተመራማሪ በተናጠል የሚከፋፈል አልነበረም። ይልቁንም መሐንዲሱ፣ ኬሚስቱ፣ የሥነ ሕይወት ሊቁና የካንሰር ሐኪሙ በአንድ ጣሪያ ሥር ሆነው አንድ ችግር የሚፈቱባቸው የጋራ ማዕከላት እንዲቋቋሙበት የታሰበ ነው።

መርኃ ግብሩ ሁለት ጊዜ ታድሶ፣ ማዕከላቱ ለ15 ዓመታት ያህል ከሠሩ በኋላ ተዘጋ። "ካንሰርን ድል አደረገ ወይ?" ለሚለው ጥያቄ መልሱ አጭር ነው፤ አላደረገም። "ታዲያ ገንዘቡ ባከነ ወይ?" ለሚለው ግን መልሱ ረዘም ይላል። ውስን ሀብታቸውን የት ላይ ማዋል እንዳለባቸው ለሚያሰላስሉት የምሥራቅ አፍሪካ አገራትም ይህ መልስ ትምህርት አለው።

መጠን ለምን ይህን ያህል አስፈላጊ ሆነ?

አንድ ናኖሜትር የአንድ ሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። የሰው ጸጉር ውፍረት ከ80 ሺህ እስከ 100 ሺህ ናኖሜትር ይደርሳል። አንዲት የጤፍ ቅንጣት ርዝመቷ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው ብንል፣ ለሕክምና ከሚውሉት ናኖ ቅንጣቶች መካከል 100 ናኖሜትር የሚለኩት 10 ሺህ ያህሉ ጎን ለጎን ተደርድረው ነው እርሷን የሚያክሉት።

የሰው አካል እንዲህ ያሉ ጥቃቅን ነገሮችን የሚያስተናግደው በመጠናቸው ነው። ከስድስት ናኖሜትር በታች የሆኑትን ኩላሊት አጣርቶ በሽንት ያስወጣቸዋል። ከ200 ናኖሜትር በላይ የሆኑትን ደግሞ ጣፊያና ጉበት ከደም ውስጥ ለቅመው ያስቀሯቸዋል። በእነዚህ ሁለት ወሰኖች መካከል ያሉት በደም ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ የመዘዋወር ዕድል አላቸው።

ሁለተኛው ምክንያት የዕጢው የራሱ ተፈጥሮ ነው። የካንሰር ዕጢ በጥድፊያ ስለሚያድግ የሚያበቅላቸው የደም ሥሮች በቅጡ ያልተሠሩ፣ ቀዳዳ የበዛባቸው ናቸው። ሁለት ጃፓናውያን ተመራማሪዎች፣ ያሱሂሮ ማትሱሙራና ሂሮሺ ማዬዳ፣ እአአ በ1986 ባሳተሙት ጥናት ትላልቅ ሞለኪውሎች በእነዚህ ቀዳዳዎች ሾልከው ዕጢው ውስጥ እንደሚከማቹ አሳዩ። በጤናማ የደም ሥር ግድግዳ የማያልፍ ቅንጣት በዕጢው የደም ሥር ሊያልፍ ይችላል ማለት ነው።

ይህ ግኝት ትልቅ ተስፋ ፈጠረ። የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች ዋነኛ ችግር ወዳጅና ጠላት አለመለየታቸው ነውና። የካንሰሩን ሕዋስ የሚገድለው መድኃኒት የጸጉርን ሥር፣ የአንጀትን ሽፋን፣ ደም የሚመረትበትን መቅኔም ይጎዳል። መድኃኒቱን በተስማሚ ቅንጣት ውስጥ ጠቅልሎ ወደ ዕጢው መላክ ከተቻለ ግን ጉዳቱ ይቀንሳል፤ ጥቅሙም ይጨምራል ተብሎ ታመነ።

ከማዕከላቱ በፊት የነበረው ጅማሮ

ሐሳቡ በ2004 የተወለደ አይደለም። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት አሌክ ባንግሃም በ1960ዎቹ አንዳንድ የቅባት ዓይነቶች ውኃ ውስጥ ሲገቡ ራሳቸውን ጠቅልለው ጥቃቅን አረፋዎች እንደሚሆኑ አስተውሎ ነበር። እነዚህ አረፋዎች ሊፖሶም ይባላሉ። ሆዳቸው ባዶ በመሆኑ መድኃኒት ሊሞላባቸው ይችላል።

በኢየሩሳሌም ይሠሩ የነበሩት የኸዝቄል ባረንሆልትዝና አልቤርቶ ጋቢዞን ዶክሶሩቢሲን የተባለውን የኬሞቴራፒ መድኃኒት ሊፖሶም ውስጥ አስገቡት። ዶክሶሩቢሲን ብርቱ የካንሰር መድኃኒት ቢሆንም ልብን ይጎዳል። በሊፖሶም ሲጠቀለል ግን በልብ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ቀነሰ። ውጤቱ ዶክሲል በሚል ስም እአአ በ1995 ከአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ፈቃድ ያገኘ የመጀመሪያው ናኖ መድኃኒት ሆነ።

ፈቃዱ የተሰጠው ከኤድስ ጋር ተያይዞ ለሚመጣው ካፖሲ ሳርኮማ ለተባለ ካንሰር ነበር። ይህ ካንሰር በምሥራቅ አፍሪካ የነበረውና ያለው ስፍራ ከፍተኛ መሆኑን ወደ ኋላ መመልከት ይቻላል።

እአአ በጥር 2005 ደግሞ አብራክሴን የተባለው መድኃኒት ለተሰራጨ የጡት ካንሰር ተፈቀደ። በውስጡ ያለው ፓክሊታክሴል ውኃ ውስጥ አይሟሟም። በዚህም የተነሳ ቀድሞ ይሰጥ የነበረው ከጉሎ ዘይት በተዘጋጀ ማሟሟያ ሲሆን፣ ማሟሟያው በአንዳንድ ሕሙማን ላይ ብርቱ የአለርጂ ምላሽ ይቀሰቅስ ነበር። በአዲሱ አሠራር መድኃኒቱ አልቡሚን ከተባለው የደም ፕሮቲን ጋር ተጣምሮ ናኖ ቅንጣት ሆነ፤ የጉሎ ዘይቱ ማሟሟያም አላስፈለገም።

እንዲህ ያሉ ውጤቶች ቢኖሩም ከግኝት እስከ ታካሚ ያለው መንገድ ረጅምና የተበጣጠሰ ነበር። ኢንስቲትዩቱ ገንዘብ የመደበውም ይህንን ክፍተት ለመሙላት ነው።

ለምን ማዕከል አስፈለገ?

በአሜሪካ የሕክምና ምርምር ገንዘብ በአብዛኛው የሚሰጠው አንድ ሳይንቲስት ለሚያቀርበው አንድ የጥናት ሐሳብ ነው። አሠራሩ ለብዙ ግኝቶች ምክንያት ሆኗል። ናኖ መድኃኒት ግን በአንድ ሙያ ብቻ የሚሠራ አይደለም።

ቅንጣቱን የሚሠራው ኬሚስት ዕጢው በሰው አካል ውስጥ እንዴት እንደሚያድግ ላያውቅ ይችላል። ሐኪሙ በበኩሉ ቅንጣቱ እንዴት እንደተሠራ አያውቅም። አንዱ የሌላውን ቋንቋ ሳይረዳ ሲቀር፣ በቤተ ሙከራ የሚያምር ነገር ግን ለማንም ታካሚ የማይደርስ ቅንጣት ይመረታል።

ስለዚህ ኢንስቲትዩቱ የካንሰር ናኖ ቴክኖሎጂ የልህቀት ማዕከላት የተባሉትን አቋቋመ። እአአ በጥቅምት 2005 ለመጀመሪያዎቹ ሰባት ማዕከላት የአንደኛ ዓመት ድጋፍ 26.3 ሚሊዮን ዶላር ተመደበ፤ ብዙም ሳይቆይ የማዕከላቱ ቁጥር ስምንት ደረሰ። ከእነዚህ መካከል የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋምና የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የጋራ ማዕከል፣ የስታንፎርድ፣ የኖርዝዌስተርን እና የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲዎች ማዕከላት ይገኙበታል። ከማዕከላቱ ጎን ለጎን አነስተኛ ድጋፍ የሚያገኙ 12 የምርምር ሽርክናዎችም ተመሠረቱ።

ድጋፉን ለማግኘት የምህንድስናና የተፈጥሮ ሳይንስ ክፍሎች ከካንሰር ሕክምና ተቋም ጋር መተሳሰር ነበረባቸው። ዕቅዱም ከቤተ ሙከራ ወደ ታካሚ የሚወስደውን መንገድ ማሳየት ይጠበቅበት ነበር።

መርኃ ግብሩ እአአ በ2010 ሲታደስ የማዕከላቱ ቁጥር ዘጠኝ ሆነ። ወጣት ተመራማሪዎችን በሁለቱም ሙያ የሚያሠለጥኑ ማዕከላትም ተጨመሩ። በ2015 ለሁለተኛ ጊዜ ሲታደስ ደግሞ ቁጥሩ ወደ ስድስት ዝቅ አለ።

ገንዘቡ ለሰሚው ብዙ ቢመስልም ከኢንስቲትዩቱ አቅም አንጻር ሲታይ ጥቂት ነበር። ተቋሙ በወቅቱ በዓመት ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ በጀት ነበረው። ለናኖ ቴክኖሎጂው መርኃ ግብር በዓመት በአማካይ የደረሰው 29 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን፣ ይህም ከጠቅላላው አንድ በመቶ አይሞላም።

ማንም የማያወራለት ቤተ ሙከራ

ከመርኃ ግብሩ ፍሬዎች ሁሉ ይበልጥ ዘላቂ የሆነው ምናልባት ብዙም ያልተወራለት ሊሆን ይችላል። በሜሪላንድ ግዛት ፍሬድሪክ ከተማ በ2004 የተቋቋመው የናኖ ቴክኖሎጂ መለያ ቤተ ሙከራ አዲስ መድኃኒት አይፈለስፍም። ሥራው ሌሎች የፈለሰፉትን መለካት ነው።

ቤተ ሙከራው የተቋቋመው ከአሜሪካ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ብሔራዊ ተቋም እና ከምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ ጋር በመተባበር ነው። ተመራማሪዎችና ኩባንያዎች የሠሩትን ቅንጣት ለምርመራ እንዲያቀርቡ ይጋበዛሉ። ሐሳባቸው ተቀባይነት ካገኘ ምርመራው ያለ ክፍያ ይከናወንላቸዋል።

እዚያም የቅንጣቱ ትክክለኛ መጠን ይለካል። ከደም ጋር ሲገናኝ የሚሆነው ይታያል። ጉበትን መጉዳት አለመጉዳቱ፣ የሰውነትን የመከላከያ ሥርዓት መቀስቀስ አለመቀስቀሱ ይፈተሻል። ውጤቱ ለተመራማሪው ይሰጣል፤ እርሱም የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ በሰው ላይ ሙከራ እንዲፈቅድለት ሲያመለክት ይጠቀምበታል።

ይህ ሥራ ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ አንድ ምሳሌ ያሳያል። ወደ ቤተ ሙከራው ከሚላኩት ናሙናዎች መካከል ቀላል የማይባለው ክፍል ኢንዶቶክሲን በተባለ የባክቴሪያ ቅሪት የተበከለ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ቅሪት በራሱ ትኩሳትና የሰውነት መቆጣት ያመጣል። ብክለቱን ያላወቀ ተመራማሪ "ቅንጣቴ መርዛማ ነው" ብሎ ጥሩ ሥራ ሊጥል ይችላል። ወይም ደግሞ ብክለቱ ያስከተለውን ለውጥ የመድኃኒቱ ፈዋሽነት አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል።

አንድ ወጥ መለኪያ ከሌለ የአንዱ ቤተ ሙከራ ውጤት ከሌላው ጋር ሊነጻጸር አይችልም። የአውሮፓ ኅብረትም ይህንኑ አርአያ ተከትሎ እአአ በ2015 ተመሳሳይ የመለያ ቤተ ሙከራ ሲያደራጅ የፍሬድሪኩ ተቋም አጋር ሆኗል። ማዕከላቱ ከተዘጉ በኋላም የፍሬድሪኩ ቤተ ሙከራ ሥራውን ቀጥሏል።

ከማዕከላቱ የወጡ ግኝቶች

ማዕከላቱ በሳይንስ በኩል ያስመዘገቡት ጥቂት አይደለም። በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም የሚሠራው የማርክ ዴቪስ ቡድን እአአ በ2010 ያወጣው ጥናት አንዱ ምሳሌ ነው። ቡድኑ የካንሰር ሕዋስን የዘረመል ትእዛዝ ዝም የሚያሰኝ ሞለኪውል በናኖ ቅንጣት ተጭኖ በደም ሥር ቢሰጥ በሰው ዕጢ ውስጥ ደርሶ ሥራውን እንደሚሠራ አሳየ። በሰው ላይ እንዲህ ያለ ማስረጃ ሲቀርብ የመጀመሪያው ነበር። ያ መድኃኒት ራሱ ግን ለገበያ አልበቃም።

በኒው ዮርክ የሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከልና የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ ከሲሊካ የተሠሩ፣ ብርሃን የሚሰጡ ቅንጣቶችን አበለጸጉ። ሲሊካ የአሸዋ ዋነኛ ክፍል ነው። ቅንጣቶቹ ከ10 ናኖሜትር በታች ስለሆኑ ሥራቸውን ሲጨርሱ በኩላሊት በኩል ይወጣሉ። ለቀዶ ሐኪሙ ካንሰሩ የተዛመተበትን ቦታ እንዲያበሩለት የታሰቡ ናቸው። እአአ በ2011 በሰው ላይ እንዲሞከሩ ፈቃድ አግኝተዋል፤ ተመራማሪዎቹም በ2015 የራሳቸው ማዕከል ተቋቋመላቸው።

በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የቻድ ሚርኪን ቡድን የወርቅ ቅንጣት ላይ የዘረመል ሞለኪውሎችን እንደ ጃርት እሾህ ዙሪያውን ሰክቶ አንድ አዲስ ዓይነት መድኃኒት ሠራ። አንጎልን ከደም ውስጥ ከሚመጡ ባዕድ ነገሮች የሚጠብቀው አጥር አብዛኞቹን መድኃኒቶች አያሳልፍም። በ2021 ይፋ በሆነውና ስምንት ታካሚዎች በተሳተፉበት አነስተኛ ሙከራ ግን ቅንጣቶቹ ይህን አጥር አልፈው የአንጎል ዕጢ ውስጥ ተገኝተዋል። ሙከራው ቅንጣቶቹ መድረሳቸውን እንጂ ማዳናቸውን የሚያሳይ አልነበረም።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ማዕከላቱ ሰዎችን አፍርተዋል። የምህንድስናንም የሕክምናንም ቋንቋ የሚናገር ትውልድ ከእነዚህ ቤተ ሙከራዎች ወጥቷል።

ተስፋው የተፈተነባቸው ዓመታት

ይሁንና በጅማሬው የተሰጠው ተስፋ ከዚህ እጅግ የላቀ ነበር። በወቅቱ የኢንስቲትዩቱ ዳይሬክተር የነበሩት አንድሩ ቮን ኤሸንባክ እአአ በ2003 በካንሰር ምክንያት የሚደርስን ስቃይና ሞት በ2015 የማስቀረት ግብ አስቀምጠው ነበር። ናኖ ቴክኖሎጂም ወደዚህ ግብ ያደርሳሉ ከተባሉት መንገዶች አንዱ ነበር። 2015 ደረሰ፤ ግቡ ግን አልተሳካም።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ2016፣ በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በዋረን ቻን የሚመራ ቡድን ዘርፉን ያነጋገረ ጥናት አሳተመ። ቡድኑ ባለፉት አስር ዓመታት በእንስሳት ላይ የተደረጉ ሙከራዎችን አንድ ላይ ሰብስቦ መረመረ። ወደ ሰውነት ከተወጋው የናኖ ቅንጣት መጠን ውስጥ ዕጢው ጋ የሚደርሰው መካከለኛ ድርሻ 0.7 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከ1 ሺህ ቅንጣቶች መካከል ሰባቱ ብቻ ዒላማቸውን ይመታሉ እንደማለት ነው።

ከተቀሩት አብዛኞቹን ጉበትና ጣፊያ ይይዟቸዋል። የስሌቱን ዘዴ የነቀፉ ተመራማሪዎች ነበሩ፤ መለኪያው መሆን ያለበት ስንት በመቶው ደረሰ ሳይሆን የደረሰው መድኃኒት ሥራውን ይሠራል ወይ የሚለው ነው ሲሉም ተከራከሩ። ያም ሆኖ ቁጥሩ ዘርፉ ራሱን እንዲጠይቅ አደረገ።

ሌላው እንቅፋት አይጥና ሰው አንድ አለመሆናቸው ነው። በቤተ ሙከራ አይጥ ላይ የሚበቅለው ዕጢ በጥቂት ሳምንታት ያድጋል፤ የደም ሥሮቹም ቀዳዳ ይበዛባቸዋል። በሰው ላይ ያለው ዕጢ ግን ዓመታትን ሊወስድ ይችላል። የደም ሥሮቹ ቀዳዳ ከታካሚ ታካሚ፣ ከዕጢ ዕጢ፣ በአንድ ዕጢ ውስጥም ከቦታ ቦታ ይለያያል። በአይጥ የሠራው በሰው ላይ ሳይሠራ የሚቀርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ኪሳራውም በገበያው ላይ ታየ። ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋምና ከሃርቫርድ ምርምር የተወለደው ባይንድ ቴራፒዩቲክስ የተባለው ኩባንያ ዒላማውን ለይቶ የሚሄድ ናኖ መድኃኒት በታካሚዎች ላይ እስከመሞከር ደርሶ ነበር። እአአ በ2016 የሙከራው ውጤት የተጠበቀውን ያህል ሳይሆን ሲቀር ኩባንያው የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ንብረቱንም ፋይዘር በ40 ሚሊዮን ዶላር ገዛው።

እአአ በ2019 ኢንስቲትዩቱ የማዕከላቱን ድጋፍ እንደማያድስ አስታወቀ። የሰጠው ምክንያት ዘርፉ መብሰሉን የሚገልጽ ነበር፤ ተመራማሪዎቹ ከእንግዲህ እንደማንኛውም ሳይንቲስት በመደበኛው የገንዘብ ድጋፍ መወዳደር ይችላሉ ተባለ። ይህን የተቃወሙ ተመራማሪዎች በበኩላቸው ማዕከሉ ሲበተን ሙያዎቹን ያስተሳሰረው ገመድ አብሮ እንዳይበጠስ ሰጉ።

በጎን የተገኘ ፍሬ

በቀጣዩ ዓመት ኮቪድ-19 ዓለምን አዳረሰ። በዓመቱ መጨረሻ ፈቃድ ያገኙት የፋይዘር ባዮንቴክና የሞደርና ክትባቶች ኤምአርኤንኤ የተባለውን በቀላሉ የሚበላሽ ሞለኪውል ወደ ሕዋስ ያደረሱት በቅባት ናኖ ቅንጣት ጠቅልለው ነው።

እነዚያን ቅንጣቶች የካንሰር ማዕከላቱ ፈለሰፏቸው ማለት ስህተት ነው። የቅባት ቅንጣቶቹ ታሪክ በካናዳ ቫንኩቨር የነበሩ ተመራማሪዎችን ጨምሮ ብዙ እጆች ያለፉበት ነው። ሆኖም ቅንጣትን የመሥራት፣ የመለካትና ለሰው የሚስማማ መሆኑን የማረጋገጥ እውቀት ለዓመታት የተጠራቀመው በዚሁ ዘርፍ ነበር። የማሳቹሴትሱንና የሃርቫርዱን የካንሰር ናኖ ቴክኖሎጂ ማዕከል ከመሩት አንዱ የሆኑት ሮበርት ላንገር ከሞደርና መሥራቾችም አንዱ መሆናቸው ይህንን ያሳያል።

ነገሩ አሁን ዞሮ ወደ ካንሰር ተመልሷል። የእያንዳንዱን ታካሚ ዕጢ መርምረው በልኩ የሚዘጋጁ የኤምአርኤንኤ ክትባቶች በክሊኒክ ሙከራ ላይ ናቸው። በቅባት ቅንጣት ከሚሰጡት መካከል ሜላኖማ በተባለው የቆዳ ካንሰር ላይ የሚሞከረው ይገኝበታል።

ምሥራቅ አፍሪካ የት ላይ ትገኛለች?

ዶክሲል ቀድሞ የተፈቀደለት ካፖሲ ሳርኮማ በኤድስ ወረርሽኝ ዘመን በኡጋንዳ በወንዶች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች ቀዳሚው ነበር። መድኃኒቱ ግን በሽታው በበረታበት አካባቢ ለብዙኃኑ አልደረሰም። በክልሉ ለረጅም ጊዜ የተሰጠው ሕክምና በዕድሜ የቆዩና ዋጋቸው ዝቅ ያሉ መድኃኒቶች ቅልቅል ነው።

እአአ በ2020 ይፋ የሆነና ኬንያን፣ ኡጋንዳን፣ ማላዊን፣ ዚምባብዌን፣ ደቡብ አፍሪካንና ብራዚልን ያካተተ ጥናት ከኤችአይቪ መድኃኒት ጋር የሚሰጥ ተራው ፓክሊታክሴል ከእነዚያ አማራጮች እንደሚሻል አሳየ። ያለ ናኖ ቅንጣት፣ በጉሎ ዘይት ማሟሟያ የሚሰጠው ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሊፖሶም የተጠቀለለውን ዶክሶሩቢሲን ለካፖሲ ሳርኮማ በአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ያካተተው በ2023 ነው። ከመጀመሪያው ፈቃድ 28 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

የመዘግየቱ አንዱ ምክንያት ዋጋ ነው። ሌላው ደግሞ የምርቱ ውስብስብነት ነው። ተራ ክኒንን አስመስሎ ማምረት ቀላል ሲሆን፣ ሊፖሶምን ግን በመጠኑም በይዘቱም ልክ እንደ ዋናው አድርጎ መሥራት ከባድ ነው። ይህ ችግር ሀብታም አገራትንም ነክቷል። እአአ በ2011 ዶክሲል በምርት ችግር ሲጠፋ አሜሪካ በቀጣዩ ዓመት አማራጩን ከሕንድ ለማስገባት ተገድዳ ነበር። በ2013 የሕንዱ ሰን ፋርማ ተመሳሳዩን ምርት ለመሸጥ የአሜሪካን ፈቃድ አገኘ።

በኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ለ2022 ባወጣው ግምት መሠረት በዓመት 80 ሺህ ገደማ ሰዎች በካንሰር ይያዛሉ፤ ከ50 ሺህ በላይ የሚሆኑትም ይሞታሉ። የጡትና የማኅጸን ጫፍ ካንሰር በሴቶች ላይ ቀዳሚዎቹ ናቸው። ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። በኡጋንዳም በ2016 ብቸኛው የጨረር መሣሪያ ሲበላሽ ተተኪው ሥራ የጀመረው በ2018 መግቢያ ነው።

በእንዲህ ያለ ሁኔታ ስለ ናኖ ቴክኖሎጂ ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ቀድሞ መመርመርን፣ ጨረርንና መሠረታዊ መድኃኒትን ማዳረስ ቀዳሚ መሆኑ አያከራክርም። የሆነ ሆኖ ከአሜሪካው ልምድ የሚቀሰመው ዋናው ትምህርት ስለ ቅንጣቱ ሳይሆን ስለ ገንዘቡ አሰጣጥ ነው።

በክልሉ የጋራ ማዕከላትን የመደገፍ ጅማሮ አለ። የዓለም ባንክ በሚደግፈውና እአአ በ2016 በተጀመረው የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የልህቀት ማዕከላት ፕሮጀክት በ8 አገራት 24 ማዕከላት ተቋቁመዋል። ከእነዚህ አንዱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የአዳዲስ መድኃኒቶች ፍለጋና የሕክምና ሙከራ ማዕከል ነው። በታንዛኒያ አሩሻ በሚገኘው የኔልሰን ማንዴላ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ተቋም ደግሞ ፕሮፌሰር ኸልዳ ስዋይ ናኖ ቅንጣቶችን እንደ ሳንባ ነቀርሳና ወባ ላሉ በሽታዎች መድኃኒት ማድረሻ ለማድረግ ሲመራመሩ ቆይተዋል።

የረጅም ጊዜ ትብብር ምን እንደሚያፈራ ካምፓላ ምስክር ናት። እአአ በ1967 የተመሠረተው የኡጋንዳ የካንሰር ተቋም በአሜሪካ ሲያትል ከሚገኘው የፍሬድ ሃች የካንሰር ማዕከል ጋር ትብብር የጀመረው በ2004 ነው። ሁለቱ በጋራ የሚሠሩበት የምርምርና የሕክምና ሕንጻ የተከፈተው በ2015፣ ማለትም ከ11 ዓመት በኋላ ነበር።

ከ15 ዓመቱ ምን ተረፈ?

የአሜሪካው መርኃ ግብር ታሪክ ሲመዘን ሦስት ነገሮች ጎልተው ይታያሉ።

አንደኛው ጊዜ ነው። የመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ቡድን ለመገንባት እንጂ መድኃኒት ለማውጣት አልበቁም። በየሁለት ዓመቱ የሚቋረጥ ድጋፍ እንዲህ ያለ ሥራ አያቆምም።

ሁለተኛው መለኪያ ነው። ማዕከላቱ ሲዘጉ የቀረው ተቋም የሁሉም መገልገያ የሆነው ቤተ ሙከራ ነው። የሌሎችን ሥራ ያለ አድልዎ የሚፈትሽና ውድ መሣሪያን ለብዙዎች የሚያጋራ ተቋም ለድሃ አገር ይበልጥ ይጠቅማል። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ለየራሱ የሚገዛው መሣሪያ ባለሙያና መለዋወጫ አጥቶ አቧራ ሲጠጣ ማየት እንግዳ አይደለምና።

ሦስተኛው ታካሚው ነው። የአሜሪካው መርኃ ግብር ከቤተ ሙከራ እስከ ክሊኒክ ያለውን መንገድ አሰበበት፤ ከክሊኒክ እስከ ካምፓላና አዲስ አበባ ያለውን መንገድ ግን የሚያስብበት ሌላ አካል ያስፈልግ ነበር። ያ አካል ባለመኖሩ መንገዱ 28 ዓመት ፈጀ። በኬንያና በኡጋንዳ ሕሙማን ላይ የተደረገው ጥናት እንዳሳየው ደግሞ፣ ለብዙኃኑ የሚበጀው መልስ አንዳንዴ ከአዲሱ ቅንጣት ሳይሆን የታወቀውን መድኃኒት በአግባቡ ከመመርመር ይገኛል።

ካንሰርን በ2015 ድል ለማድረግ የተገባው ቃል ሳይፈጸም ቀርቷል። በዚያ ቃል ስም የወጣው ገንዘብ ግን ባለሙያዎችን፣ መለኪያዎችንና አብሮ የመሥራት ልማድን ትቶ አልፏል። በምሥራቅ አፍሪካ በቀጣይ የሚቋቋም ማዕከልም ገና በዕቅዱ ውስጥ መመለስ ያለበት ጥያቄ ይኖራል፤ መድኃኒቱ ቢገኝ ለማን፣ በምን ዋጋ፣ በስንት ዓመት ይደርሳል?